የድልድዩ አሮጊት ለምን ትሞታለች?

ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አይተርፈውም። የአራሚዋም የጠፋው እዚያ ነው። ደራሲ የዘለለውን ነጠላ ሰረዝ አንድም ሳታስቀር እየለቀመች ስለምትመልስ፣ መጀመሪያ ፊደል ለቃሚዎቹ፣ ቀጥሎ ጠራዦቹ፣ በመጨረሻም የበሩ ዘበኛ ሳይቀር "እትዬ ሰረዝ" አሏት። ተናደደች? ምን ሲደረግ! ድርብ ሰረዝ ባለመባሏ ብቻ ትንሽ ቅር ብሏት ነበር።

ጡረታ የወጣችው መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ነው፤ እስከ ዛሬም ሁለቱን አላወረደቻቸውም። እቤት ከዋለች ወዲህ የመድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ የምትታጠፈዋን ወረቀት፣ የሳሙና ካርቶኑን፣ ቆጣሪ አንባቢው በበር ሥር የሚያሾልካትን ብጣሽ ማስታወቂያ ታርማለች። አርማም ዝም አትልም፤ ለባለቤቱ ትመልሳለች። ቆጣሪ አንባቢው አሁን አሁን ማስታወቂያውን በቃል መናገር ጀምሯል።

እንዲህ ያገኘችውን ሁሉ የምታነብ ሴት፣ አንድ ነገር ብቻ እንዳታነብ ተከልክላ ኖራለች፤ የእህቷን ልጅ ጽሑፍ። እህቷ የሌሊት ተረኛ ነርስ ስለነበረች ልጅቷ ያደገችው በእትዬ ሰረዝ እጅ ነው። አሁን ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ የኮምፒውተር ጌም የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ታሪክ ጸሐፊ ናት። አክስቷ ጋ ስትመጣ ሻይ ትጠጣለች፣ ሳህኑን ታጥባለች፣ ስለ ቧንቧው ውሃ ታወራለች። ስለምትጽፈው ግን ትንፍሽ አትልም።

"ምን እየጻፍሽ ነው?" ስትላት፣

"ተይው አክስቴ፤ ጌም ነው፣ አይገባሽም" ትላለች።

አይገባሽም! የሕግ መጽሐፍ፣ የከብት ሕክምና መመሪያ፣ የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ ሳይቀር ያረመችን ሴት! ነገሩ የቆየ ነው። ልጅቷ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ አንዲት ገጽ እንኳ አሳይታት አታውቅም። እትዬ ሰረዝ ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ብቻ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንድ ገጽ ብታሳያት ሌላ ምንም አትፈልግም ነበር።

ስለዚህ የቢሮው አለቃ ደውሎ "እትዬ፣ አራሚ ነበሩ አሉ፤ የጌማችንን ንግግር በሙሉ ያነቡልን ይሆን?" ሲላት፣ ስልኩን ሳትዘጋ ነው ጫማዋን መፈለግ የጀመረችው።

አለቃው ቅጽል ስሙ "ይቻላል" ነው። ምንም ብትጠይቀው "ይቻላል" ይላል፤ ኋላ ሲጠየቅ ደግሞ ማን እንዳለው አያስታውስም። ቢሮው ከመስታወት ቆራጭ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ከሥር መስታወቱ ሲፋቅ ከላይ ያለው ሰው ጥርሱን ይነክሳል። አምስት ኮምፒውተር፣ ወደ ግራ ብቻ የሚዞር ፋን፣ አንድ እግሩ በመጽሐፍ የተደገፈ ሶፋ አለ። መጽሐፉን ሳብ አድርጋ አየችው። ራሷ ያረመችው የእንጨት ሥራ መማሪያ ነበር። አቧራውን ጠርጋ መልሳ ከሶፋው ሥር ከተተችው።

"በወረቀት ካልሆነ አላነብም" አለች።

"ይቻላል" አለ ይቻላል።

ጌሙ ተጫዋቹ ራሱ ጀግናውን ሆኖ አገር ላገር የሚዞርበት ነው፤ ከመንደርተኛው ጋር ያወራል፣ ይታዘዛል፣ ይዋጋል፣ ያፈቅራል። ንግግሩ ብቻ ታትሞ ስድስት መቶ አርባ ገጽ ወጣው። የእህቷ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ እያየች፣ ጥፍሯን ትበላ ነበር።

የማተሚያ ቤት ሕግ ቀላል ነው። ቀይ ቀለም ትእዛዝ ነው፤ የተሳሳተው ይስተካከላል። እርሳስ ጥያቄ ነው፤ አራሚ የደራሲን ቃል አይነካም፣ ያልገባውን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ይጠይቃል፣ ደራሲው ይመልሳል። የተሰረዘ ነገር ተመልሶ እንዲኖር ከተፈለገ ደግሞ ከሥሩ ነጥብ ነጥብ ይደረጋል፤ "ይቆይ" ማለት ነው። እትዬ ሰረዝ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በሰው ጽሑፍ ላይ አንዲት የራሷን ቃል ጨምራ አታውቅም። አንድ ጊዜ አንድ ደራሲ ባለታሪኩን ምዕራፍ ሁለት ላይ ገድሎ ምዕራፍ አምስት ላይ ሠርግ ሲደግስለት እንኳ፣ "ሟቹ ነው የሚያገባው?" ብላ በትሕትና ጠይቃ ነው ያለፈችው።

ጠዋት ጠዋት ምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ታነባለች። የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች ስትጨርስ አንድ ነገር አስደነገጣት፤ ልጅቷ ፊደል አትስትም። ሰረዙም በቦታው፣ አራት ነጥቡም በቦታው። በአንድ በኩል ልቧ በኩራት አበጠ፤ በሌላ በኩል ቀይ ብዕሯ ሥራ ፈታ። እንግዲህ የቀረው እርሳሱ ነው፤ እርሳሱም ብዙ የሚጠይቀው ነገር አገኘ።

የመንደሩ ሹም ልጁ በሽፍታ ተጠልፋበት እያለቀሰ፣ ለጀግናው "አስር የተኩላ ቆዳ አምጣልኝ" ይላል። ኅዳጉ ላይ ጻፈች፤ "ልጁ ተጠልፋ ቆዳ ምን ያደርግለታል? አባት ነው ቆዳ ነጋዴ?"

ጀግናው ሰው ቤት ዘው ብሎ ቁም ሳጥን ይከፍታል፣ ያገኘውን ኪሱ ይከታል፤ የቤቱ እመቤት ፊት ለፊቱ ቆማ "ዛሬ ቀኑ ደስ ይላል" ትላለች። "ሌባ ቤቷ ገብቶ ስለ ቀኑ ታወራለች? እኔ ብሆን እጮኻለሁ።"

ክፉው ንጉሥ ሰይፉን መዝዞ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ልጅነቱ ያወራል። "ይህ ሰውዬ ሥራ የለውም?"

የወፍጮ ቤቷ ልጅ ጀግናው ሦስት ፖም ስለሰጣት በፍቅሩ ትወድቃለች። እዚህ ላይ እትዬ ሰረዝ እርሳሷን ሁለት ጊዜ ቀረጸች። "ሦስት ፖም?" ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ "እናቷ ሰምታለች?" ጨመረችበት።

ሐሙስ ሐሙስ ያነበበችውን ክምር ይዛ የቢሮውን ደረጃ ትወጣለች። የእህቷ ልጅ "እሺ አክስቴ፣ አመሰግናለሁ" ብላ ትቀበልና፣ ሳትገልጠው በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛዋ ጥግ ታስቀምጠዋለች። መልስ የለም። በሚቀጥለው ሐሙስም የለም። በማተሚያ ቤት ሕግ ያልተመለሰ ጥያቄ ይደገማል። እትዬ ሰረዝም ደገመች፤ በደገመች ቁጥር ጥያቄዋ እየረዘመ፣ እየረዘመም ቃሪያ ቃሪያ እያለ ሄደ።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። አንድ ድልድይ አለ። ድልድዩ ላይ የመንገደኛ የይለፍ ወረቀት የምትመረምር አሮጊት ተቀምጣለች። መነጽሯ በክር ታስሯል። ጸጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። አንዲት ነጥብ የጎደለችውን ወረቀት "ተመለስ፣ አስተካክለህ ና" ብላ ትመልሳለች። እትዬ ሰረዝ ቀስ ብላ እጇን ወደ ጸጉሯ ሰደደች፤ እርሳሱ አለ።

ፈገግ አለች። ይህች ልጅ እኔን ጻፈችኝ ብላ ገጹን ስትገልጥ፣ እንዲህ የሚል አገኘች። "ሽፍቶች ይመጣሉ። አሮጊቷ ትሞታለች። ጀግናው ይናደዳል።"

በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ መስመር እንኳ የኑዛዜ ቃል የላትም። ለወፍጮ ቤቷ ልጅ አስራ አራት ገጽ! እትዬ ሰረዝ ተነሥታ ውሃ ጠጣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ከፍቷታል፤ ከፍቷት ደግሞ አትለቅም። ከአሮጊቷ መስመር ትይዩ፣ ኅዳጉ እስኪሞላ ጻፈች።

"ለምን ትሞታለች? ምክንያቱ አልተገለጸም። ጀግናው እንዲናደድ ብቻ ከሆነ ሌላ መላ ይፈለግ፤ ጫማው ቢጠብበት አይናደድም? ይህች ሴት ቤት የላትም? የሚጠብቃት ሰው የለም? አልሞትም ብትልስ?"

የሚቀጥለው ሳምንት ጌሙ ለአከፋፋዩ ድርጅት የሚታይበት ነበር። ከድርጅቱ የመጡት ሴትዮ ግራጫ ልብስ የለበሱ፣ የተሰጣቸውን ብስኩት ያልነኩ፣ ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡ ሴት ናቸው። ስሙኝ፣ ይህን ዓይነት ሰው ታውቁታላችሁ። ይቻላል ላቡን ይጠርጋል። የእህቷ ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እትዬ ሰረዝ ያቺ እግረ ሰባራ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ጌሙን የሚያጫውተው ፕሮግራመሩ ነው፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ የታዘዘውን ከመሥራት ውጭ ነገር የማያውቅ ሰው።

ስክሪኑ ላይ ጀግናው መንደሩ ደረሰ፤ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነበው ኮምፒውተሩ ነው። ሹሙ እያለቀሰ መጣ።

"አስር የተኩላ ቆዳ አምጣልኝ" አለ ሹሙ። ቀጠለና፣ በዚያው የልቅሶ ድምፅ፣ "ልጁ ተጠልፋ ቆዳ ምን ያደርግለታል? አባት ነው ቆዳ ነጋዴ?" አለ።

ይቻላል ፕሮግራመሩን አየ። ፕሮግራመሩ ስክሪኑን አየ። ጀግናው ሰው ቤት ገብቶ ቁም ሳጥን ከፈተ፤ የቤቱ እመቤት "ዛሬ ቀኑ ደስ ይላል። ሌባ ቤቷ ገብቶ ስለ ቀኑ ታወራለች? እኔ ብሆን እጮኻለሁ" አለች፤ አልጮኸችም። የግራጫ ለባሿ ሴትዮ ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። የወፍጮ ቤቷ ልጅ ሦስተኛውን ፖም ተቀብላ፣ ዓይኗን አስለምልማ፣ "እወድሃለሁ። ሦስት ፖም? እናቷ ሰምታለች?" ስትል ግን ሴትዮዋ ድንገት በሳቅ ፈነዱ። መሐረብ አወጡ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ክፉው ንጉሥ ሁለት ገጽ አውርቶ "ይህ ሰውዬ ሥራ የለውም?" ብሎ ራሱን ሲጠይቅ፣ እንደገና ጠረጉ።

እትዬ ሰረዝ ሶፋው ውስጥ ብትሰምጥ ደስ ባላት። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቃል ሳትጨምር ኖራ፣ ይኸው አሁን አገር ምድሩ በእሷ አፍ ያወራል!

ነገሩ እንዴት ሆነ መሰላችሁ። የእህቷ ልጅ ክምሩን አንድም ቀን ገልጣ አላየችውም። በፊቱ እንደተደፋ ለፕሮግራመሩ ሰጥታ "እሷ የጻፈችውን ሁሉ አስገባው" ነው ያለችው። ፕሮግራመሩ ደግሞ ክምሩን ጥቁር ብቻ በሚያነሣው ኮፒ ማሽን አንሥቶ፣ ከዚያ ላይ ነው የገለበጠው። ማሽኑ ላይ ቀይም ጥቁር ነው፣ እርሳስም ጥቁር ነው። እሱም ያየውን ሁሉ፣ በተጻፈበት መስመር ትይዩ፣ አንድም ሳይቀንስ አስገባ። ሐቀኛ ሠራተኛ ነው፤ ማንም ምንም ሊለው አይችልም።

በመጨረሻ ጀግናው ድልድዩ ጋ ደረሰ። ሽፍቶች መጡ። አሮጊቷ ተወግታ ወደቀች፤ ወድቃ ግን አልቀረችም፣ መነጽሯን አስተካክላ ቀና አለች።

"ለምን ትሞታለች? ምክንያቱ አልተገለጸም" አለች። የጫማውንም ነገር አነሣች፤ የቤቷንም ጠየቀች። "የሚጠብቃት ሰው የለም? አልሞትም ብትልስ?"

በዚህኛው ሴትዮዋ አልሳቁም። ሰዓታቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው እጃቸው ላይ አሰሩ።

"የቀሩት እንዲህ ሆነው ይቆዩ፤ የቃላቱን አካሄድ አስተካክሉ እንጂ ሐሳቡን እንዳትነኩት" አሉ። "ይህቺ ሴትዮ ግን አትሞትም። ካልሞተች ምን እንደምትል በሳምንቱ ጽፋችሁ አምጡልኝ። እሷን ሳላይ አልፈርምም።"

"ይቻላል" አለ ይቻላል።

የእህቷ ልጅ በሩን ከፍታ ወጣች። እትዬ ሰረዝ ተከትላት ስትወጣ ደረጃው ላይ አገኘቻት፤ ከታች መስታወቱ ሲፋቅ ይሰማል።

"የኔ ልጅ፣ እኔ እንዲገባ አይደለም የጻፍኩት፤ እንድትመልሺልኝ ነው። እርሳስ ጥያቄ ነው" አለች።

"አላየሁትማ!"

"ለምን አላየሽውም?"

"ስለምፈራ ነዋ!" አለች ልጅቷ። "ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ታሪክ ጽፌ ሰጥቼሽ ነበር። አውቶቡስ የምትነዳ ፍየል።"

"አስታውሳለሁ" አለች እትዬ ሰረዝ ደስ ብሏት። "አስራ ሰባት ስህተት ነበረበት።"

አፏን በያዘች! ግን አምልጧታል። ልጅቷ ሳቀች፤ የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም።

"ገጹ ቀይ በቀይ ሆኖ መጣልኝ። ከታች ደግሞ 'ለወደፊቱ ይጠንቀቁ' ብለሽበታል። ይጠንቀቁ! ለዘጠኝ ዓመት ልጅ!"

"ለደራሲ ሁሉ እንደዚያ ነው የምጽፈው። እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሬሽ... ያከበርኩሽ መስሎኝ ነው እኮ።"

"ፍየሏ አውቶቡሱን የት እንዳደረሰችው አልጠየቅሽኝም" አለች ልጅቷ። "የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነበር የሰጠሁሽ። ሁለተኛውን ትጠይቀኛለች ብዬ ትራሴ ሥር አስቀምጬው ነበር። አስራ ሰባቱን አየሽ፤ እሱን ግን አልጠየቅሽም።" ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "አሮጊቷን አንቺው ጻፊያት። የሰው ስታርሚ ኖረሻል፤ አንዲት ገጽ የራስሽን ጻፊ፣ እንይሽ።"

እትዬ ሰረዝ ቤቷ ሄደች። ሹሙን፣ ንጉሡን፣ የወፍጮ ቤቷን ልጅ እናት ሳይቀር የጠየቀች ሴት፣ ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት ፍየል አልጠየቀችም።

በማግስቱ ንጹሕ ወረቀት ዘርግታ ተቀመጠች። "ሰላም፣ መንገደኛ" ብላ ጻፈች። ወዲያው ኅዳጉ ላይ፣ "ማን ናት? ለምን ሰላም አለችው?" ብላ ጠየቀችና ሰረዘችው። "ቁም!" ብላ ጻፈች። "ቆሟል እኮ።" ሰረዘችው። ሦስት ጠዋት እንዲህ ሄደ። ጠረጴዛው የተጨማደደ ወረቀት ሞላ፤ እሷም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ደራሲ የሚባል ፍጥረት አሳዘናት። ምዕራፍ አምስት ላይ ሟቹን የዳረውን ሰውዬ ሳይቀር ይቅር አለችው።

በአራተኛው ጠዋት ቀይ ብዕሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ፣ እርሳሷን ከጸጉሯ መዘዘች። አልረዘመም፤ አምስት መስመር ነው። በእሷ ገጽ ላይ መንገደኛዋ ሴት ናት፤ ወረቀቷን ትዘረጋለች። አሮጊቷ ሳትገልጠው አጥፋ ትመልስላታለች። "ወረቀትሽን ያዢው፤ እሱን አይቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ ብዙ አየሁት" ትላታለች። ከዚያ ከመንገዱ ዳር ቦታ ትለቅላትና ትጠይቃታለች። "ፍየሏ አውቶቡሱን የት አደረሰችው?"

ከዚያ በታች ያለውን ባዶ ተወችው። ኅዳጉ ላይ "ጥያቄ፤ ለደራሲዋ" ብላ ጻፈችና፣ ሐሙስን ሳትጠብቅ ወስዳ የእህቷ ልጅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። በፊቱ አልደፋችውም። ልጅቷ ወረቀቱን አየችው፤ አክስቷን አላየቻትም። እትዬ ሰረዝም ሶፋው ላይ ሄዳ ተቀመጠች፣ ወደ ግራ ብቻ የሚዞረውን ፋን እያየች።

ከታች መስታወት ቆራጩ ሁለት መስታወት ጨረሰ። በመጨረሻ ልጅቷ ተነሥታ ወረቀቱን አክስቷ ጉልበት ላይ ጣለችላትና፣ ፊቷን አዙራ ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

ባዶው ቦታ ላይ በእርሳስ ተጽፎ ነበር። ተጽፎም በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ ያፈረ ሰው እንደሚሰርዘው፣ ከሥሩ በደንብ ይነበባል።

"ማተሚያ ቤት። አክስቴ ሁልጊዜ ስለምታመሽ፣ በጊዜ ወደ ቤት ልታመጣት።"

እትዬ ሰረዝ አንድ ጊዜ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፤ እንደገና አነበበችው። ልጅቷ ብርጭቆውን ይዛ ጀርባዋን እንደሰጠች ቆማለች፤ ውሃው ሞልቶ እጇ ላይ እየፈሰሰ ነው። እትዬ ሰረዝ እርሳሷን መዘዘች። በተሰረዘው መስመር ሥር፣ ከ"ማተሚያ ቤት" ጀምራ እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ፣ ቀስ እያለች ነጥብ ነጥብ አደረገች። ወረቀቱንም ተነሥታ ለፕሮግራመሩ ሰጠችው።

ፕሮግራመሩ ሐቀኛ ሠራተኛ ነው አላልኳችሁም? ያየውን ሁሉ እንዳለ አስገባ። ሴትዮዋም አይተው ፈረሙ። ዛሬ ያንን ጌም የሚጫወት ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ አሮጊቷን በሕይወት ያገኛታል፤ ወረቀቱን አትመረምርበትም፣ ስለ ፍየሏ ትጠይቀዋለች፣ መልሱን ሰምታም ታሳልፈዋለች። ተጫዋቾቹ አሁንም እየዞሩ ይፈልጋሉ አሉ። በዚያ ሰይፍና ዘንዶ በሞላበት አገር ማተሚያ ቤቱ የት እንዳለ እስካሁን ያገኘ የለም።